ሲግናሉ ሲመጣ ፕሮግራሙ ምን ላይ ነበር?

ዝጋ ሲባል አንዳንዴ የማይዘጋ ሰርቨር ነበረን። በሲ የተጻፈ ነው። ጥቂት ስሬዶች (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሮጡ ሥራዎች) አሉት፣ አልፎ አልፎ ረዳት ፕሮሰሶችን፣ ማለትም ለብቻቸው የሚሮጡ ፕሮግራሞችን፣ ያስነሳል፣ ከዚያ ውጭ ይሄ ነው የሚባል ውስብስብ ነገር የለውም። ሲግናል ማለት ሥርዓተ ክወናው ለሚሮጥ ፕሮግራም የሚያደርሰው አጭር መልእክት ነው። ዝጋ የሚለው ሲግናል ሲግተርም ሲላክለት መቶ ጊዜ በሥርዓቱ ይዘጋል። ከዚያ አንድ ቀን ዝም ይላል። አይሞትም፣ አይሠራም፣ ሲፒዩም አይነካም፤ ተገትሮ ይቀራል። ተረኛው ሰው ትንሽ ይጠብቅና እምቢ በማይባለው ሲግናል፣ በሲግኪል፣ ይገድለዋል፣ ሰርቨሩ እንደገና ይነሳል፣ ነገሩም ይረሳል። እንዲህ እያልን ወራት ቆየን።

አንድ ቀን ግን ማንም ሳይገድለው እንደተገተረ ደረስኩበት። ጂዲቢ የተባለውን የባግ መመርመሪያ አያያዝኩበትና ስታኩን፣ ማለትም እርስ በርስ የተጠራሩትን ፈንክሽኖች ዝርዝር፣ አወጣሁ። ከላይ ያለው ፍሬም (አንድ የፈንክሽን ጥሪ) ሎክ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ የሚይዘውን ቁልፍ፣ እየጠበቀ ነው። ከሥሩ ሜሞሪ የሚሰጠው ማሎክ አለ። ከሥሩ ሎግ የምንጽፍበት የራሳችን ፈንክሽን። ከሥሩ የሲግተርም ሃንድለራችን፣ ማለትም ሲግናሉ ሲመጣ እንዲጠራ የተከልነው ፈንክሽን። ቀጥሎ ጂዲቢ ራሱ የሚያስገባት «ሲግናል ሃንድለር ተጠርቷል» የምትል መስመር። ከእሷ ሥር ምን ቢኖር ጥሩ ነው? ሌላ ማሎክ።

ሁለት ማሎክ፣ በአንድ ስሬድ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ። የታችኛው ሎኩን ይዞ የሜሞሪ መዝገቡን እያስተካከለ ሳለ ሲግናሉ ደረሰ። ከርነሉ (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ሥራውን ባለበት አቁሞ ሃንድለሩን ጠራ። ሃንድለሩ «እየዘጋሁ ነው» ብሎ ሎግ ሊጽፍ ፈለገ፣ ለሎጉ ሜሞሪ አስፈለገው፣ ማሎክን ጠራ፣ ማሎክ ደግሞ ሎኩን ጠየቀ። ሎኩ ያለው ታች ነው። ታች ያለው ደግሞ ላይ ያለው ካልተመለሰ አንዲት እርምጃ አይራመድም። በቃ፣ እዚያው እንደተያያዙ ይቀራሉ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ሲግናል ሳስብ የምጠይቀው «ሲመጣ ምን ላድርግ?» ብዬ ነበር። አሁን ከእሱ በፊት ሌላ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ሲግናሉ ሲመጣ ፕሮግራሙ ምን ላይ ነበር? መልሱ ሁሌም አንድ ነው። ምንም ላይ ሊሆን ይችላል።

ምንም ላይ ስል የምሬን ነው። አንድ ቆጣሪ ላይ አንድ የምትጨምር ተራ የሲ መስመር እንኳ ማሽኑ ዘንድ ስትደርስ ሦስት ሥራ ልትሆን ትችላለች፤ ከሜሞሪ ማንበብ፣ መጨመር፣ መልሶ መጻፍ። ሲግናሉ ከንባቡ በኋላ ከጽሑፉ በፊት መግባት ይችላል። ሃንድለሩም ያንኑ ቆጣሪ ከነካ የእሱ ጭማሪ ይጠፋል፣ ምክንያቱም የተቋረጠው ኮድ ሲቀጥል ቀድሞ ያነበበውን አሮጌ ቁጥር ይዞ ነው። ሲግናል የፈንክሽን ጥሪ ይመስላል፤ ኮዱም ሲታይ ፈንክሽን ነው። ግን ፈንክሽንን የምንጠራው እኛ ነን፣ በመረጥነው ቦታ። ሃንድለርን የሚጠራው ከርነሉ ነው፣ እኛ ባልመረጥነው ቦታ።

ፖዚክስ የተባለው የዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች ስታንዳርድ በዚህ ጉዳይ ቁርጥ ያለ ዝርዝር አለው። ከሃንድለር ውስጥ ያለ ስጋት ሊጠሩ የሚችሉ ፈንክሽኖች አሉ፤ የሚጽፈው ራይት፣ ሲግናል የሚልከው ኪል፣ የሞቱ ልጅ ፕሮሰሶችን የሚሰበስበው ዌይትፒአይዲ፣ ሃንድለር የሚተክለው ሲግአክሽን፣ ወዲያው የሚወጣው በአንደርስኮር የሚጀምረው ኤግዚት። ፕሪንትኤፍ የለበትም። ማሎክና ሜሞሪውን የሚመልሰው ፍሪ የሉበትም። ወደ ሲስተሙ ሎግ የሚጽፈው ሲስሎግ የለበትም። ተራው ኤግዚትም የለበትም፣ ምክንያቱም ሲወጣ እንዲጠሩ በአትኤግዚት የተመዘገቡትን ፈንክሽኖች ሁሉ ይጠራል፣ የስታንዳርድ አይኦ በፈሮችንም ያራግፋል። ብዙ መማሪያ ላይ ግን ሃንድለር የሚባለው ነገር የሚተዋወቀው «ሲግናል ደረሰኝ» ብሎ በሚያትም ፕሪንትኤፍ ነው። ይሄ በእውነት ያናድደኛል። ሰው መጀመሪያ ያየውን ነው የሚገለብጠው፣ የተገለበጠውም ኮድ ዓመታት ሰርቨር ላይ ይኖራል፣ ከመቶ አንዴ ሲገተርም ማንም ከዚያ መስመር ጋር አያገናኘውም።

ሌላም የሚረሳ አለ፦ ኤርኖ፣ የስህተት ቁጥር የሚቀመጥበት ተለዋዋጭ። ሃንድለሩ ውስጥ ራይት ተጠርቶ ካልተሳካ ኤርኖን ይቀይራል። የተቋረጠው ዋናው ኮድ ደግሞ ልክ ያኔ ከአንድ ሲስተም ኮል፣ ማለትም ከርነሉን ሥራ ከሚጠይቅ ጥሪ፣ ተመልሶ ኤርኖን ሊያይ አንድ እርምጃ ቀርቶት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሃንድለር ሲገባ ኤርኖን ያስቀምጣል፣ ሲወጣ ይመልሳል። ሁለት መስመር ናት። እሷ ስትጎድል የሚመጣው ባግ ግን የሌላ ሰው ኮድ ላይ ያለ ስህተት መስሎ ነው የሚታየው።

«እኛ ጀማሪ ስለሆንን ነው» የሚል ካለ ከርቀት ወደ ሰርቨር የሚገባበትን ኦፕንኤስኤስኤችን ይመልከት። በዓለም ላይ በጥንቃቄ ከተጻፉ የሲ ፕሮግራሞች መካከል የሚቆጠር ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሐምሌ ወር 2024 መግቢያ ላይ ኳሊስ የተባለው የደህንነት ድርጅት ተመራማሪዎች ሲቪኢ-2024-6387 ተብሎ የተመዘገበውን ቀዳዳ ይፋ አደረጉ። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ከሰርቨሩ ጋር ተገናኝቶ በተፈቀደው ጊዜ፣ ማለትም ካልተቀየረ በ120 ሰከንድ ውስጥ፣ ካልገባ ጊዜው ማለቁን የሚናገረው ሲግናል ሲግአላርም ይደርሳል። ሃንድለሩ ግንኙነቱን ከመዝጋቱ በፊት ሲስሎግን ይጠራል። ጂሊብሲ የተባለው የሲ ላይብረሪ ባለበት ሊኑክስ ላይ ሲስሎግ ማሎክና ፍሪን ሊጠራ ይችላል። የእኛው ታሪክ ነው፣ ልዩነቱ እኛ ዘንድ ሰርቨሩ ተገትሮ ቀረ፤ እዚያ ግን አጥቂው ሜሞሪው በግማሽ ተስተካክሎ ያለበትን ቅጽበት እየጠበቀ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆኖ ኮድ ማስኬድ ይችላል። ተመራማሪዎቹ በ32 ቢት ማሽን ላይ ሲሠሩት በአማካይ 10,000 ያህል ሙከራ ነው የፈጀባቸው። ለሰው ብዙ ነው። ለማሽን የአንድ ሌሊት ሥራ እንኳ አይሞላም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልቤ ውስጥ ቀርቷል። አንደኛው፣ ይሄው ስህተት በ2006 ተገኝቶ ታርሞ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ የሎግ ኮዱ ሲስተካከል መከላከያዋ መስመር ሳይታወቅ ወጣችና በ8.5ፒ1 እትም ተመልሶ ገባ፣ 9.8ፒ1 እስኪመጣ ድረስም ቆየ። ሁለተኛው ደግሞ ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ሥርዓተ ክወና አልተነካም። ለምን? ከ2001 ጀምሮ ሃንድለር ውስጥ ቢጠራ የማይጎዳ የሲስሎግ ዓይነት ሠርተው እሱን ይጠቀሙ ስለነበር። ጥያቄዋን ከሃያ ዓመት በፊት የጠየቀ ሰው ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። በመጀመሪያ፣ ሲግናል የሚባለውን ፈንክሽን ተዉት። ሃንድለር ለመትከል የሚያገለግለው ሲግአክሽን ነው። ምክንያቱ ታሪካዊ ነው፣ ግን ታሪክ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1979 በወጣው በሰባተኛው የዩኒክስ እትም ላይ ሃንድለር አንዴ ከተጠራ በኋላ ይነቀል ነበር። ሰዎች ሃንድለሩ ውስጥ የመጀመሪያዋን መስመር «ራስህን መልሰህ ትከል» እያሉ ይጽፉ ነበር። ከመነቀሉ እስከ መተከሉ ባለችው ጠባብ ጊዜ ሁለተኛ ሲግናል ከመጣ ፕሮግራሙ ይሞታል። ቀዳዳዋን በምንም ብልሃት ከሃንድለሩ ውስጥ ሆኖ መድፈን አይቻልም ነበር። በ1983 የወጣው የዩኒክስ ዝርያ 4.2ቢኤስዲ አስተካከለው፦ ሃንድለሩ አይነቀልም፣ እየሠራ ሳለም ያው ሲግናል ተይዞ ይቆያል። ሌላው የዩኒክስ ዝርያ ሲስተም ፋይቭ በድሮው ቀጠለ። ፖዚክስ መጥቶ ሲግአክሽንን አወጣና ሁሉንም በግልጽ እንድንመርጥ አደረገን።

«አሁን እኮ ሁሉም ቢኤስዲን ነው የሚከተለው» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ጂሊብሲ ላይ ያው ሲግናል የምትለዋ ጥሪ ኮዱ በተኮመፐለበት ስታንዳርድ ትለያያለች። ጂኤንዩ11 ብላችሁ ስትኮመፕሉ ሃንድለሩ ተተክሎ ይቆያል፤ ሌላ ምንም ሳትጨምሩ ጥብቁን ሲ11 ብትመርጡ ሃንድለሩ እንደ ድሮው አንዴ ሠርቶ ይነቀላል። ኮዱ ላይ አንዲት ፊደል ሳትነካ ማለት ነው። ለማጽዳት ብሎ የኮምፓይለር ፍላግ የቀየረ ሰው የሲግናል ባግ ፈጥሯል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ሲግአክሽን ላይ ግን የምትፈልጉትን ራሳችሁ ትጽፋላችሁ፣ የተጻፈውም ይሆናል። መነቀሉን ከፈለጋችሁትም አለ፤ ሪሴት ሃንድ የሚባል ፍላግ ነው። እኔ ኮንትሮል ሲ ሲጫኑ ለሚመጣው ሲግኢንት እወደዋለሁ። የመጀመሪያው ኮንትሮል ሲ በሥርዓቱ ዝጋ ይላል፣ ያ ካልሠራ ሁለተኛው ይገድላል።

ሃንድለሩ ውስጥ ምን ይግባ? መደበኛው ምክር «አንድ ፍላግ (ምልክት የሚሆን ተለዋዋጭ) አንሳና ውጣ፣ ሥራውን ዋናው ሉፕ ይሥራው» ነው። ጥሩ ምክር ነው። ፍላጉ ቮላታይል ሲግ አቶሚክ ቲ መሆን አለበት፤ ይህ ስያሜ ሁለት ክፍል አለው፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ሲግ አቶሚክ ቲ የሚለው ንባቡም ጽሑፉም እያንዳንዱ ለብቻው መሃል ላይ እንደማይቆረጥ ያረጋግጣል። ቮላታይል የሚለው ደግሞ ለኮምፓይለሩ ነው። ያለ እሱ ኮምፓይለሩ ሉፑን ያይና «ይህን ተለዋዋጭ እዚህ ውስጥ የሚቀይረው የለም» ብሎ አንዴ ብቻ አንብቦ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለ ሬጅስተር ላይ ሊይዘው ይችላል። ሃንድለሩ ሜሞሪው ላይ ይጽፋል፣ ሉፑ ሬጅስተሩን ያያል፣ አይገናኙም። ስትመረምሩት ያለ ኦፕቲማይዜሽን ስለምትኮመፕሉት ይሠራል፤ ስትለቁት አይሠራም።

ግን ፍላጉ ብቻውን አይበቃም፤ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም እስካሁን የተነገረውን ሁሉ የሚያውቁ ሰዎች እዚህ ጋ ይወድቃሉ። ሉፑን በዓይነ ህሊናችሁ ሳሉት። ፍላጉን ያያል። ካልተነሳ ፖልን ጠርቶ ሥራ እስኪመጣ ይተኛል። ሲግናል ሲመጣ ፖል ተቋርጦ ይመለሳል፣ ሉፑ ይዞራል፣ ፍላጉን ያያል፣ ይወጣል። ያምራል። አሁን ሲግናሉ ፍላጉ ከታየ በኋላ፣ ፖል ከመጠራቱ በፊት ይምጣ። ሃንድለሩ ፍላጉን ያነሳል፣ ይመለሳል። ዋናው ኮድ «ፍላጉ አልተነሳም» የሚለውን ይዞ ይቀጥላል፣ ፖልን ይጠራል፣ ይተኛል። ሲግናሉ አልፏል፤ የሚቀሰቅሰው የለም። ፍላጉ ተነስቶ፣ ፕሮግራሙ ተኝቶ።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ፖል ላይ የአንድ ሰከንድ ገደብ ያስቀምጣል። ይሠራል፣ ግን ማስታገሻ ነው፤ ቀዳዳው እንዳለ ነው፣ ፕሮግራሙም ሥራ ኖረም አልኖረ በየሰከንዱ ይነቃል። ቀዳዳው መኖሩን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ በፍላጉና በፖሉ መካከል የሁለት ሰከንድ እንቅልፍ አስገቡና በዚያ ውስጥ ሲግናል ላኩ። ሁሌም ይያዛል፣ እጅ ከፍንጅ። እኔ ይህን ካየሁ በኋላ «በጣም አልፎ አልፎ ነው የሚሆነው» የሚል ክርክር አልሰማም።

ትክክለኛው መፍትሔ ሲግናሉን ማገድና በመተኛት ቅጽበት መልቀቅ ነው። መጀመሪያ በሲግፕሮክማስክ ሲግናሉን ታግዳላችሁ። የታገደ ሲግናል አይጠፋም፤ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ፍላጉን ታያላችሁ። ከዚያ በፖል ፈንታ ፒፖልን ወይም ፒሴሌክትን፣ ሲግናሉ የተፈታበትን ማስክ (የታገዱ ሲግናሎች ዝርዝር) ሰጥታችሁ ትጠራላችሁ። ከርነሉ ማስኩን መፍታቱንና መተኛቱን ሳይነጣጥል ያደርጋል፤ መሃል ላይ የሚገባበት ስንጥቅ የለም። ደጅ የቆመ ሲግናል ካለ ወዲያው ይገባል፣ ጥሪውም ተቋርጦ ይመለሳል። ሲግናል ብቻ ለምትጠብቁበት ሲግሰስፔንድ ያንኑ ያደርጋል። ያልተነጣጠለ መሆኑ ዋናው ቁም ነገር ነው። ሊኑክስ ላይ ፒሴሌክት ከርነሉ ውስጥ የገባው በ2006፣ በ2.6.16 ነው፤ ከዚያ በፊት ጂሊብሲ በሁለት የተለያዩ ጥሪዎች ይኮርጀው ነበር፣ ስለዚህ ስሙ እንጂ ጥቅሙ አልነበረም።

ሌላው መንገድ ፕሮግራመሩ ዲ. ጄ. በርንስታይን ያስተዋወቀው የራስ ፓይፕ ዘዴ ነው፤ ቀላልነቱ ያስደስተኛል። ፕሮግራሙ ለራሱ ፓይፕ፣ ማለትም በአንድ ጫፍ ተጽፎ በሌላው የሚነበብ ቱቦ፣ ይከፍታል። ሃንድለሩ አንድ ባይት ይጽፍበታል፣ ዋናው ሉፕ የማንበቢያውን ጫፍ ከሌሎቹ ሶኬቶች ጋር ፖል ያደርጋል። ሲግናሉ ከፖሉ በፊትም ይምጣ በኋላም፣ ባይቷ ፓይፑ ውስጥ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። የድንገቱ ነገር ተራ የንባብ ሥራ ይሆናል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ሁለቱም ጫፎች የማይጠብቁ፣ ማለትም ኖንብሎኪንግ፣ ይሁኑ። ፓይፑ ሊኑክስ ላይ ካልተቀየረ 65,536 ባይት ይይዛል፤ ከሞላና ጫፉ የሚጠብቅ ከሆነ ሃንድለሩ ራይት ላይ ይተኛል፣ የሚያነበው ደግሞ ያ የተቋረጠው ኮድ ራሱ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ። ሞልቶ አልጽፍም ካለ ግን ችላ በሉት፤ ፓይፑ ባዶ እስካልሆነ ድረስ ሉፑ መንቃቱ አይቀርም።

ሊኑክስ ከ2007 ጀምሮ፣ ከ2.6.22 ማለት ነው፣ ሲግናልኤፍዲ አለው። ሲግናሉን ታግዱና እንደ ፋይል በፋይል ዲስክሪፕተር (የተከፈተ ፋይል ቁጥር) ታነቡታላችሁ። በቢኤስዲዎቹና በማክ ደግሞ ኬኪው የተባለው የክስተት መጠበቂያ ሲግናልን የሚከታተልበት ፊልተር አለው። ሃንድለር መጻፍ ራሱ አያስፈልግም።

ስለ መቋረጥ ትንሽ ልበል። ሃንድለር ሮጦ ሲመለስ፣ ተኝቶ የነበረው ሲስተም ኮል ኢኢንተር በሚል ስህተት ሊመለስ ይችላል። ሲግአክሽን ላይ ሪስታርት የሚለውን ፍላግ ካስቀመጣችሁ ሪድና ራይትን የመሳሰሉት በራሳቸው ይቀጥላሉ። አንዳንዱ ሰው ይህን ፍላግ ያስቀምጥና ኢኢንተርን ረስቶ ይኖራል፤ ግን ፖል፣ ሴሌክት፣ ኢፖል ዌይትና ናኖስሊፕ ፍላጉ ቢኖርም አይቀጥሉም። ይሄ ለእኛ እንዲያውም ይመቸናል። ፍላጉን አስቀምጡ፣ የማታውቁት ላይብረሪ ውስጥ ያለው ሪድ ሳይረበሽ ይቀጥላል፣ ዋናው ሉፕ ያለበት ፖል ግን ይነቃል። አንድ ለየት ያለ አለ፦ ክሎዝ። ሊኑክስ ላይ ክሎዝ ኢኢንተር ብሎ ቢመለስም ዲስክሪፕተሩ ተለቋል። ደግማችሁ ከዘጋችሁ በመሃል ሌላ ስሬድ ያንኑ ቁጥር አግኝቶ የከፈተውን ፋይል ነው የምትዘጉበት።

ሲግናል ደግሞ አይቆጠርም። ለመደበኛ ሲግናሎች ከርነሉ የሚይዘው አንድ ቢት ነው፤ ወይ አለ ወይ የለም። ሦስት ልጅ ፕሮሰሶች ባንዴ ቢሞቱ የልጅን ሞት የሚያሳውቀው ሲግቻይልድ አንዴ ብቻ ሊደርስ ይችላል። «አንድ ሲግናል፣ አንድ ዌይትፒአይዲ» ብሎ የጻፈ ሰው ዞምቢ፣ ማለትም ሞቶ ያልተሰበሰበ ፕሮሰስ፣ ያጠራቅማል። ትክክሉ ኖሃንግ የሚለውን ፍላግ ይዞ የሚሰበሰብ ልጅ እስኪያልቅ ድረስ በሉፕ መጥራት ነው። ሲግናልኤፍዲም ይህን አይቀይረውም። ሪልታይም የሚባሉት ሲግናሎች ይሰለፋሉ፣ ሲግቻይልድ ግን ከእነሱ ወገን አይደለም።

ስሬድ ሲኖር ሃንድለሩ የፕሮሰሱ ሁሉ ነው፣ ማስኩ ግን የየስሬዱ ነው። ለፕሮሰሱ የተላከ ሲግናል ካላገዱት ስሬዶች በአንዱ ላይ ያርፋል፤ በየትኛው ላይ እንደሆነ አትመርጡም። እኛ ሰርቨራችንን ያስተካከልነው በዚህ መንገድ ነው። ሜይን ገና ሲጀምር፣ አንድም ስሬድ ሳይፈጠር፣ ሲግተርምን፣ ሲግሃፕንና ሲግቻይልድን አገድን። ኋላ የሚፈጠሩት ስሬዶች ማስኩን ይወርሳሉ። ከዚያ አንድ ስሬድ ለይተን ሲግዌይት ላይ አስቀመጥነው። ሲግናል ሲመጣ ሲግዌይት ቁጥሩን ይዞ ይመለሳል፣ ልክ እንደማንኛውም ፈንክሽን። ማንም አልተቋረጠም፣ ሎክም በግማሽ የተያዘ የለም። ስለዚህ ያ ስሬድ ማሎክ ቢጠራ፣ ሎግ ቢጽፍ መብቱ ነው። «ምን ላይ ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መጀመሪያ ጊዜ የታወቀ መልስ አገኘን፤ ሲግዌይት ላይ ነበር።

ያልተፈቀደ ሜሞሪ ሲነካ የሚመጣውን ሲግሴግቪን በዚህ መንገድ አትያዙት። እሱ ጥፋቱን የሠራው ስሬድ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ሃንድለሩ ተራ ከተመለሰም ያችው ኢንስትራክሽን ተደግማ ትወድቃለች። የስታክ መሙላትን መያዝ ከፈለጋችሁ በሲግአልትስታክ የተለየ ስታክ ያስፈልጋል፣ የሞላ ስታክ ላይ ሃንድለር አይሮጥምና። እኔ ሎጉን ትቼ ኮር ደምፕ (ሲወድቅ የነበረውን የሜሞሪ ቅጂ) እንዲጥል እለቀዋለሁ።

አሟሟትም ሥርዓት አለው። ኮንትሮል ሲ ተቀብላችሁ ካጸዳችሁ በኋላ ዜሮ ብላችሁ አትውጡ። ሃንድለሩን ወደ ነባሪው መልሱና ሲግናሉን በራሳችሁ ላይ ላኩት። ያኔ ወላጁ ፕሮሰስ በሲግናል እንደሞታችሁ ያውቃል፣ ሼሉም 130 ይላል። ባሽ በተባለው ሼል ውስጥ በሉፕ የሚሮጥ ፕሮግራም ሲግኢንትን ውጦ በዜሮ ከወጣ ባሽ «ለራሱ ጉዳይ ተጠቅሞበታል» ብሎ ሉፑን ይቀጥላል፤ ሰውየው ኮንትሮል ሲን ደጋግሞ ሲጫን ይውላል። ኮንቴይነር (ፕሮግራምን ከሌላው ነጥሎ የሚያስኬድ ማሸጊያ) ውስጥ ደግሞ ፕሮሰስ ቁጥር 1 ሆኖ የሚሮጥ ፕሮግራም ሃንድለር ካልተከለ ወይም ራሱ ካልጠበቀው ሲግተርም ምንም አያደርገውም። ኮንቴይነር የሚያስኬደው ዶከር ሲግተርም ልኮ፣ ካልተቀየረ፣ 10 ሰከንድ ጠብቆ በሲግኪል ይገድላል። ኮንቴይነራችሁ ሲዘጋ ሁሌ ልክ 10 ሰከንድ የሚፈጅ ከሆነ መጀመሪያ ይህን እዩ።

ሰርቨሩን ካስተካከልን በኋላ ቀላል ስክሪፕት ጻፍኩ። ሰርቨሩን ያስነሳል፣ የሥራ ጫና ይለቅበታል፣ በዘፈቀደ ጥቂት ሚሊሰከንድ ይጠብቃል፣ ሲግተርም ይልካል። በ5 ሰከንድ ውስጥ ካልሞተ ስታኩን አስቀምጦ ይቆማል። ከሞተ ይደግማል። በአሮጌው ኮድ ላይ ሳስሮጠው ብዙም ሳይቆይ ያንኑ የማሎክ መደራረብ አመጣልኝ፤ ወራት ሙሉ በአጋጣሚ ስንጠብቀው የኖርነውን። በአዲሱ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ለቀቅኩትና ጠዋት ሳየው ሰርቨሩ አንዴም አልተገተረም።

ማሽኑ ላይ ግን ረዳት ፕሮሰሶች ሞልተዋል። ሰርቨሩ ሲዘጋ ሲግተርም ይልክላቸዋል፣ እነሱ ግን ንቅንቅ አላሉም። የአንዱን ስታተስ ፋይል፣ ሊኑክስ የፕሮሰሶችን ሁኔታ ከሚያሳይበት ከፕሮክ ሥር፣ ከፍቼ የታገዱ ሲግናሎች የሚጻፉበትን መስመር አየሁ፤ መጨረሻው 14001 ይላል። በአሥራ ስድስት ቤት ቁጥር ስለሆነ ሲፈታ 1ኛው፣ 15ኛውና 17ኛው ቢት ናቸው። ሲግሃፕ፣ ሲግተርም፣ ሲግቻይልድ። የእኛው ማስክ። ኤግዜክ ሲደረግ፣ ማለትም ፕሮሰሱ ሌላ ፕሮግራም ጭኖ ሲሮጥ፣ የተተከሉ ሃንድለሮች ይነቀላሉ፤ የታገዱና ችላ የተባሉ ሲግናሎች ግን ወደ አዲሱ ፕሮግራም አብረው ይሻገራሉ። ሲግተርሙ ደርሷቸዋል፣ ደጅ ቆሞ ነው ያለው፤ በሩን የዘጋነው እኛ ነን።

ማስተካከያው አንዲት ጥሪ ናት፤ ልጅ ፕሮሰስ ከሚፈጥረው ፎርክ በኋላ፣ ከኤግዜክ በፊት፣ ልጁ ውስጥ ማስኩን ባዶ ማድረግ። አንባቢ ወደሌለው ፓይፕ ወይም ሶኬት ሲጻፍ የሚመጣውን ሲግፓይፕንም ችላ ብለነው ስለነበር እሱንም እዚያው ወደ ነባሪው መለስነው። ቦታዋ ላይ ደግሞ ኮሜንት ጽፌያለሁ፣ ብዙ ስሬድ ካለው ፕሮግራም ፎርክ ከተደረገ በኋላ እስከ ኤግዜክ ድረስ ያው የሃንድለር ሕግ ስለሚሠራ፦ «እዚህ መካከል ሎግ አትጻፍ፣ ማሎክ አትጥራ።» ስክሪፕቱን እንደገና ለቀቅኩት። ጠዋት አንድም የቀረ ፕሮሰስ አልነበረም።